40 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለቀጣዩ 10 ዓመት ምን ላስቀድም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ኅዳር 40 ዓመት ይሞላኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቋ 8፣ ትንሹ 3 ዓመቱ ነው። እናቴ ደሴ ናት፤ 71 ዓመቷ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከተመረቀ 2 ዓመት ሆነው፤ የቤት ኪራዩን ግን እስካሁን የምከፍለው እኔ ነኝ። ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ እስከ 50 ዓመቴ ማድረግ የምፈልገውን ጻፍኩ። 23 ነገር ሆነ። ማስተርስ፣ ቤት (በ2005 ዓ.ም. 40/60 ተመዝግቤ እየጠበቅኩ ነው)፣ ዲቪ፣ መኪና፣ የኬክ ሥራ መጀመር፣ 15 ኪሎ መቀነስ፣ እናቴን ማሳረፍ፣ ሌላም ሌላም። ባለቤቴ አየውና ሳቀ። «ነገ የእግዚአብሔር ነው፣ የ10 ዓመት እቅድ ምን ይሠራልሻል?» አለኝ። እኔ ግን 30ዎቹ እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። 40ዎቹም እንዲሁ ሽው ብለው እንዳያልፉ እፈራለሁ። ምኑን ላስቀድም? — ከአዲስ አበባ

ምላሽ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አደረሰሽ።

ድንጋጤሽ ያንቺ ብቻ አይደለም። አዳም ኦልተርና ሃል ሄርሽፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ 29፣ 39 እና 49 ዓመት ላይ ያሉ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ትርጉም ከወትሮው በላይ እንደሚያስቡ ጽፈዋል። ማራቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሮጡት መካከልም እነዚህ ዕድሜዎች በዛ ብለው አግኝተዋቸዋል። ጥናቱ ትችት አላጣውም፣ ያገኙት ልዩነትም ትንሽ ነው። እኔ ግን በምክር ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው። 39 ዓመት የሆነው ሰው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ከቦርሳው ዝርዝር ያወጣል። 42 ዓመት የሆነው ሰው ዝርዝር ይዞ ሲመጣ ብዙም አላየሁም።

ከጥያቄሽ ጋር የላክሽውን ሙሉ ዝርዝር አነበብኩት። 23ቱም ጥሩ ነገሮች ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። መጥፎ ነገር ቢኖርበት በቀላሉ ትሰርዢው ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ አባቶቻችን፤ አንቺ 23 ዛፍ ነው የጻፍሽው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲያጋጥመው «ከሁሉም የሚበልጠው የቱ ነው?» ብሎ ይጀምራል። ይህ ጥያቄ ብዙም አይረዳም። ቤት ይበልጣል ወይስ እናት? ትምህርት ይበልጣል ወይስ ጤና? ሌሊቱን ሙሉ ብትከራከሪ መልስ የለውም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። እያንዳንዱን ነገር ያዢና «ይህን 50 ዓመቴ ላይ ባደርገው ምን ይቀርብኛል?» በይ። ምንም የማይቀርብሽ ነገር ይጠብቅ። 50 ላይ ጭራሽ የማይቻለው ግን ወደ ላይ ይውጣ። ትልቁ ነገርና የማይጠብቀው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

እስቲ አብረን እንሞክረው። ማስተርስ 46 ዓመት ላይ ይማሩታል? ይማሩታል። በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር የሚማሩ በዚያ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ሞልተዋል። ጡረታ 60 ላይ ነው፤ 50 ስትደፍኚ ገና 10 የሥራ ዓመት ይቀርሻል። መኪና 50 ላይ ይገዛል? ገንዘቡ ካለ ይገዛል። ኬክም 50 ላይ ይጋገራል።

አሁን ልጅሽን አስቢ። ዛሬ 8 ዓመቷ ነው። አንቺ 50 ሲሞላሽ 18 ትሆናለች። 12ኛ ክፍል ጨርሳ ምናልባት ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ትመደባለች። ስለዚህ አንቺ «የኔ 40ዎቹ» የምትያቸው ዓመታት ለእሷ ከልጅነቷ የቀሩት ናቸው። ደግሞ 10ሩም እኩል አይደሉም። የ8 ዓመት ልጅ «እማዬ ነይ እዪልኝ» ትላለች። 14 ሲሆናት በሯን ትዘጋለች፤ ይህም ጤነኛ ነገር ነው፣ አትደንግጪ። ብቻ ዛሬ በቀላሉ የሚገባው በር ያኔ እያንኳኩ የሚገቡበት ይሆናል። እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ ከመጪዎቹ 5 እና 6 ዓመታት አያልፍም። የ3 ዓመቱ ልጅሽ ትንሽ ይታገስሻል፤ አንቺ 50 ሲሞላሽ እሱ ገና 13 ነው።

እናትሽ ላይ ስንመጣ ሒሳቡ ይከብዳል። በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ ወይም ለገና፣ ደሴ እንደምትሄጂ ልገምት። በዓመት አንዴ ከሆነ በ10 ዓመት የምታያት 10 ጊዜ ነው፤ እሱም ዕድሜ ከሰጣትና መንገዱ ሰላም ከሆነ። እሷ 81 ዓመት ይሞላታል። ይህን የምጽፈው ላስለቅስሽ አይደለም። «እናቴን ማሳረፍ» ብለሽ 17ኛ ላይ ነው ያስቀመጥሽው፣ ከመኪናው ቀጥሎ።

ደግሞ «ማሳረፍ» ስትዪ ምን ማለትሽ እንደሆነ ጠይቄሽ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ ሰው ቤት ሠርቼ፣ አዲስ አበባ አምጥቼ፣ ክፍል ሰጥቼ ማለቱ ነው። ስለዚህ እናት ቤቱ እስኪሠራ ትጠብቃለች። ቤቱ ካልተሠራም ስትጠብቅ ታልፋለች። ለመሆኑ እሷስ መምጣት ትፈልጋለች? 71 ዓመት ሙሉ የኖረችበት ሰፈር፣ ዕድሯ፣ ማኅበሯ፣ ቡና የምትጠጣበት ጎረቤት ሁሉ ደሴ ነው ያለው። አራተኛ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ቴሌቪዥን ስታይ መዋል ለብዙ እናት ዕረፍት አይደለም። አንዳንዷ 3 ወር ቆይታ «ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች፤ ልጆቿ ይቀየማሉ። ስለዚህ አትገምቺ፣ ጠይቂያት። ምናልባት የምትፈልገው በዓመት 3 ጊዜ እንድትሄጂ፣ የዓይን ሐኪም ዘንድ እንድትወስጂያትና ጣሪያዋ እንዲጠገን ይሆናል። ይህ ቤት መጠበቅ አያስፈልገውም። መንገዱ ካስጨነቀሽ ኮምቦልቻ አውሮፕላን አለ፤ ቲኬቱ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። የመኪናው ቁጠባ እዚህ ላይ ቢውል ግን አይቆጭሽም።

ወደ ባለቤትሽ ልለፍ። ሳቁ ቢያናድድሽም ግማሽ እውነት አለው። እስቲ በ2008 ዓ.ም. ቁጭ ብሎ የ10 ዓመት እቅድ የጻፈን ሰው አስቢ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ለውጥ መጣ። በ2012 ኮሮና ገባ። በ2013 ጥቅምት ጦርነት ተጀመረ፤ ደሴም የደረሰባትን እናትሽ ከኔ በላይ ታውቃለች። በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በ2008 በ21 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። «በ10 ዓመት ይህን ያህል ብር አጠራቅሜ ቤት እገዛለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ብሩን ቢያጠራቅም እንኳ ቤቱን አልገዛም። እሱ ሰነፍ አልነበረም። እቅዱን በብር መጻፉ ነው የጎዳው።

ስለዚህ እቅድሽ ውስጥ የብር መጠን አትጻፊ። «500,000 ብር መቆጠብ» ሳይሆን «ደሞዜ ቢቀር 6 ወር የሚያኖረን ወጪ» በይ። የብሩ መጠን በየዓመቱ ይቀየራል፣ የ6 ወር ወጪ ግን ሁልጊዜ የ6 ወር ወጪ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንሽ ይህን ለማስላት እኔን አትፈልጊኝም። ዕቁብ የምትጥዪ ከሆነም ዕጣው ሲደርስሽ ምን እንደምታደርጊበት ከአሁኑ ወስኚ፤ ያልተወሰነለት የዕቁብ ብር ሶፋ ይሆናል። እግረ መንገድሽን ደግሞ ጡረታሽን እዪ። ካንቺ ደሞዝ 7 በመቶ፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ በየወሩ መግባት አለበት። መግባቱን አረጋግጪ።

ባለቤትሽ ያነሳው የእምነት ጉዳይም አለ። ነገ የእግዚአብሔር ነው፣ እሺ። ገበሬውም ዝናቡ የእግዚአብሔር ነው ይላል፤ ግን በሰኔ ያርሳል። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ወይም «ኢንሻአላህ» ብሎ ማቀድ የኖረ ባህላችን ነው። እኔ ይልቅ ከሱ ንግግር የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ዝርዝርሽ ውስጥ እቅድና ተስፋ ተደባልቀዋል። ዲቪ ዕጣ ነው። የ40/60 ቤቱም ዕጣ ነው። ሁለቱም ቢደርሱሽ እልል በይ፤ ግን አንቺ ምንም ብትሠሪ ቀኑን አታፈጥኚውም። እነዚህን ሌላ ገጽ ላይ ጻፊያቸውና ከላዩ «ተስፋ» በዪው። ተስፋ በዓመት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈልገው፤ ፎርም መሙላት፣ ቁጠባውን አለማቋረጥ፣ መጸለይ። የሚጎዳው ሌላውን ሕይወት በተስፋ ላይ ማንጠልጠል ነው። «ዲቪ ቢደርሰኝስ» ብለው ሥራ የማይቀይሩ፣ «ቤቱ ሲወጣ» ብለው ለልጃቸው ጠረጴዛ የማይገዙ ሰዎች አውቃለሁ። አንቺም ከተመዘገብሽ 10 ዓመት አልፎሻል። በተከራየሽው ቤት ውስጥ አሁን ኑሪ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉም በላይ እፎይ የሚያሰኝሽ ይህ ነው። ጆርዲ ኩዋድባክ፣ ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 68 የሆኑ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ነው ያሳተፉት። ባለፉት 10 ዓመታት ምን ያህል እንደተለወጡ የተጠየቁት «ብዙ» አሉ። በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ምን ያህል እንደሚለወጡ የተጠየቁት ግን «ጥቂት» አሉ። በየዕድሜው ያለ ሰው «አሁን የሆንኩት የመጨረሻው እኔ ነኝ» ብሎ ያስባል። 10 ዓመት ቆይተሽ ብትጠይቂው ግን እንደገና ብዙ ተለውጧል።

አንቺም 29 ዓመት ላይ የነበረችውን ራስሽን አስታውሺ። የዚያን ጊዜ እቅዷን ዛሬ ሙሉ በሙሉ ብትፈጽሚላት ደስ ይልሻል? አይመስለኝም። ስለዚህ 23 ነገር ደርድረሽ 50 ዓመት የሚሞላትን ሴት አትሰሪያት። ቦታ ተዪላት። 3 ነገር ከያዝሽ በቂ ነው፤ 4 ከሆነ ደግሞ በዛ። የ10 ዓመት አቅጣጫ ያዢ፣ እቅድሽ ግን ከ1 ዓመት አይለፍ።

አሁን ወንድምሽ። ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ በጥያቄሽ ላይ ግን አለ። በየወሩ የሚወጣ ገንዘብ ዝርዝር ላይ ባይጻፍም በተግባር አንደኛ ነው። የሰው ቅድሚያ በንግግሩ አይታወቅም። ያለፈውን 3 ወር የባንክ ሒሳብና የሳምንት ሰዓትሽን ብትመለከቺ እውነተኛውን ዝርዝር ታገኚዋለሽ። እናትሽ ዘንድ የምትሄጂበት ገንዘብ የት እንደሄደ ገምቼልሻለሁ፤ ወንድምሽ ኪራይ ውስጥ ነው።

ይህ ርዕስ እኛ ዘንድ ያስቸግራል። ትልቅ እህት እናት ናት። «እሷ አስተማረችኝ» መባል ክብር አለው፣ የሚገባሽም ክብር ነው። እምቢ ካልሽ ደግሞ ወሬው ደሴ ድረስ ይሄዳል። «ባሏ ነው የከለከላት» ይባላል፣ ምስኪኑ ባልሽ ምንም ሳያውቅ። ስለዚህ ዛሬ ተነስተሽ አትቁረጪበት። ግን ማብቂያ ቀን ስጪው። ማብቂያ የሌለው ዕርዳታ ሁለታችሁንም ይጎዳል፤ አንቺ ትማረሪያለሽ፣ እሱ ደግሞ መማረርሽ ሲገባው ከአንቺ ይሸሻል። ስትነግሪውም በስልክ አይሁን፣ በቴክስትማ ጭራሽ። ቤት ጥሪውና ምሳ ከበላችሁ በኋላ እንዲህ በዪው፦ «የኔ ወንድም፣ እስከ ጳጉሜን ኪራይህን እንደተለመደው እከፍላለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ግማሹን፣ ከጥር ጀምሮ አንተ ትችለዋለህ። እስከዚያ ሥራ በመፈለጉ ላይ የምረዳህ ካለ ንገረኝ።» ከዚያ ዝም በይ። «ከቻልክ» አትበዪ። እሱ ሳይጠይቅሽ «ካልሆነም እናያለን» ብለሽ ራስሽ አታፍርሺው። ለእናትሽም ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት አንቺው ቀድመሽ ንገሪያት። ጥር ላይ ሥራ ባያገኝ ከሌላ ልጅ ጋር ተዳብሎ ይኖራል፤ በዚያ ዕድሜ ስንቱ ተዳብሎ ኖሯል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ማስተርሱን ለምን እንደፈለግሽው ራስሽን ጠይቂ። እድገት የሚያስገኝልሽ ከሆነ ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ጀምሪ። ጓደኞችሽ ስለያዙ ብቻ ከሆነ በነጻነት ሰርዢው። መሰረዝ የዚህ ሁሉ ሥራ ዋና ክፍል ነው። «ምናልባት አንድ ቀን» እያልሽ የተሸከምሽው ነገር በየዓመቱ በልደትሽ ቀን መጥቶ ይወቅስሻል። አንዴ «ይህን አልፈልገውም» ብለሽ በእስክሪብቶ ብታሰናብቺው አይመለስም።

ኬኩ ደስ ብሎኛል። ከ23ቱ መካከል ለምን እንደፈለግሽው ያላብራራሽው እሱን ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ሰው ከልቡ የሚወደውን ነገር አያብራራም። ሱቅ አትከራዪ፣ ማሽን አትግዢ። ለጎረቤት ልደት በትእዛዝ ጋግሪና አንድ ዓመት እዪው።

15 ኪሎውን ተዪው። በእሱ ፈንታ የምትችዪውን ያዢ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃም ይቆጠራል። «ስፖርት እሠራለሁ» ብለሽ አትጻፊ። «ከሥራ ስወጣ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ» ብለሽ ጻፊ። መቼና የት የሚለው ሲታወቅ ሰው የበለጠ እንደሚፈጽም የሥነ ልቦና ተመራማሪው የፒተር ጎልዊትዘር ጥናቶች አሳይተዋል። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ አድርጊ። የማኅጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም አገራችን ውስጥ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚመከር ነው፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራል። «ሳይመቸኝ ቀርቶ ነው» የሚለው ምክንያት እዚህ ጋ አይሠራም፤ ይህ ከማይጠብቁት ወገን ነው።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ዝርዝሩን ሌሊት ብቻሽን መጻፍሽን አልወደድኩትም። አንቺ የጻፍሽው 10 ዓመት የባለቤትሽም 10 ዓመት ነው። ሳቁ ምናልባት «እኔስ የት አለሁ?» ማለት ይሆናል። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ለአክስታቸው ስጡና ለየብቻ 3፣ 3 ነገር ጻፉ። ከዚያ ተለዋወጡ። ሳትከራከሩ አንብቡ፤ ክርክሩ በሌላ ቀን ይሁን። አንዱ ነገር በሁለታችሁም ወረቀት ላይ ከተገኘ እሱ አንደኛ ነው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ምንም የሚገናኝ ነገር ከሌለ ደግሞ ከማስተርሱም ከቤቱም በፊት የምትነጋገሩበት ጉዳይ አግኝታችኋል።

ወረቀቱን በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ አውጥታችሁ እዩት። ለዘመን መለወጫ ሁሉም ቤቱን ሲያጸዳ እናንተም ይህን ታጸዳላችሁ። የተፈጸመውን ምልክት አድርጉ፣ የማትፈልጉትን ሰርዙ፣ የቀረውን ለአንድ ዓመት ብቻ አቅዱ።

በመጨረሻ ስለ እንቅልፍሽ። በጥያቄሽ ውስጥ በአንድ ቃል አልፈሽዋል፣ እኔ ግን ማለፍ አልፈልግም። ጥቂት ሌሊት ስለ ዕድሜ ማሰብ የተለመደ ነው። ነገር ግን እንቅልፍ ማጣቱ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ቀድሞ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ ከሰለቸሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ ወይም «ኑሮዬ ዋጋ የለውም» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ የእቅድ ጉዳይ አይደለም። ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ሂጂ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ከባለቤትሽ ጋር። እስከዚያው ዝርዝሩን ከአልጋሽ አጠገብ አንስተሽ ሳሎን አስቀምጪው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም አትክፈቺው።